በእርሳስ የሚዞር ድምፅ

ባለፈው ክረምት ቤት ስንቀይር ዕቃችንን የጫነው መኪና ሸራ አልነበረውም። ሹፌሩ «አይዘንብም» ብሎን ነበር፤ ገና ሰፈሩን ሳንለቅ ዘነበ። እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ የመጽሐፍና የሳህን ካርቶኖቼ ሲበሰብሱ በጎን መስታወቱ አያለሁ። ወርጄ ልሸፍናቸው የሚል ሐሳብ እንኳ ደከመኝ። ቤት መቀየር ለጠላትም የሚመኙት ነገር አይደለም።

አመሻሽ ላይ የራሰውን ሁሉ ቡታጋዙ ዙሪያ ደርድሬ ማድረቅ ጀመርኩ። ትንሽ እንደቆየ አንድ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የሞቀ እርጥብ ካርቶን፣ ሙጫ ሙጫ የሚል። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ባለቤቴ። እሱም አልጋ ሲገጣጥም ውሎ ወገቡን ይዟል።

«ምንም። አያቴ ሸተተኝ።»

«እማማ ማርታ?»

«አይደለም፤ ወንዱ አያቴ።»

«አይተሽው የማታውቂው?»

«አዎ፣ እሱ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ደክሞት ስለነበር አልጋውን ወደ መገጣጠም ተመለሰ።

ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት እናቴ እኔን የምታውልበት ቦታ ቸገራት። እሷ መሥሪያ ቤት ትገባለች፤ ሠራተኛችን ደግሞ ሀገሯ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ስለዚህ የዝናብ ልብሴንና አንድ ቦርሳ ይዤ የካ ዳገት ላይ ወዳለው የእማማ ማርታ ቤት ተወሰድኩ። እማማ ማርታ የእናቴ እናት ናት። ቤቷ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ታክሲው ካወረደን በኋላ ጭቃውን እየተንሸራተትን ዳገቱን ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ እናቴ ትንፋሽ አጥሯት፣ «እማ፣ እጅሽን ስላመመሽ ትረዳሻለች ብዬ ነው» አለቻት። ማስቀመጫ አጥታ መሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

እጇን ግን እውነትም ያማት ነበር። ቁርጥማት የቀኝ እጇን ጣቶች አጣሞባታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብስባታል። ጠዋት ጠዋት እጇን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ትቀመጥና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ አጥሩን ሲሸፍነው «ዛሬም መጣ» ትላለች፣ ስለማትወደው ጎረቤት እንደምታወራ ሁሉ። ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። በቸርቻችን ሐዘንተኛ ቤት እየሄዱ ከሚያጽናኑት እናቶች አንዷ ስለነበረች፣ የሰው ኀዘን ስትሰማ ኖራ የራሷ ወሬ ያለቀባት ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ በልተን ሳህን አጥበን ስንጨርስ፣ «ነይ እንግዲህ፣ ከአያትሽ ጋር ትንሽ እንቀመጥ» አለችኝ።

አያቴ እንደሞተ አውቃለሁ። ነገር ግን የሞተ ሰው ከምሳ በኋላ እማማ ማርታ ቤት አይመጣም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፀጉሬን በእጄ አስተካክዬ፣ ቀሚሴን ወደ ታች ስቤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ከአልጋዋ ሥር የላስቲክ ከረጢት አወጣች፤ ከከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የተጣጠፈ ካርቶን።

«ይሄ ነው?» አልኳት።

«ይሄ ነው።»

አያቴ ካርቶን መሆኑን እናቴ እስከዚያ ቀን ሳትነግረኝ መቅረቷ አናደደኝ።

ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ካርቶኑ ሲዘረጋ አንደኛው ክንፉ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ ሌላኛው እንደ ድንኳን ከላይ ያዘነብላል፤ ባዘነበለው ክንፍ ላይ የዘፈን ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ተሰክቷል። ከሥሩ ከሳህን የማይበልጥ ጥቁር ሸክላ ይቀመጣል። ባትሪ የለው፣ ገመድ የለው፣ ድምፅ ማጉያ የለው። ሸክላው ላይ የእርሳስ ጫፍ የምትገባበት ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ እርሳሱን እዚያ ሰክቶ ሸክላውን በእጅ ማዞር ነው። መርፌው ይንቀጠቀጣል፣ ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። ሚሲዮናውያን መብራት ለሌለበት ገጠር ብለው ያሠሩት ነገር ነው። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ጆሮን አስጠግቶ መስማት ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከጀመረማ አለቀ።

አያቴ ወንጌላዊ አንጁሎ እዚያ ሸክላ ውስጥ የገባው ወላይታ ነው። ታሪኩን እማማ ማርታ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን እየነገረችኝ ክረምቱን ሙሉ ገጣጠምኩት። የሰውን ቋንቋ እየዞሩ የሚቀዱ የውጭ ሰዎች መጥተው ድምፅ እንዳያስተጋባ የአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፤ እሱን መሐል አስቀምጠው በወላይትኛ እንዲያስተምር ነገሩት። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና «ዛሬ ለብርድ ልብስ ሰብኬ መጣሁ» ብሎ ሳቀላት። ሸክላው ታትሞ እስኪመጣ ግን አልቆየም። ቆላ ወርዶ ሲያስተምር ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ብዙም ሳይሰነብት ሞተ። እናቴ ከእሱ የምታስታውሰው የዝናብ ካፖርቱን ብቻ ነው። አጎቴ ዳንኤል ገና በሆድ ነበር።

ሸክላው ከነካርቶኑ የደረሰው ሰውየው ከተቀበረ በኋላ ነው። የቸርች ሰዎች እንስጣት አንስጣት እያሉ ሲፈሩ ከርመው ሰጧት። «በር ዘግቼ አዞርኩት» አለችኝ። «አንዴ እንደ ሕፃን ይንጫጫል፣ አንዴ እንደ በሬ ያገሣል። እያለቀስኩ ሳዞር ሳዞር፣ መጣ። ቁርጥ እሱ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ስታዞረው ኖረች። ሁለት ልጆች ይዛ አዲስ አበባ ስትገባ ካርቶኑን በጀርባዋ አዝላ፣ ዳንኤልን በደረቷ ታቅፋ ነበር። ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ውላ ማዞር ነው። ቸርቾች በተዘጉበት ዘመንም ፍራሽ ሥር ደብቃው፣ ሰው ምሳ ላይ ነው ብላ ስታምን እያወጣች ታዞረው ነበር።

እኔ ከ«ሳሮ» በቀር ወላይትኛ አላውቅም፤ «ሳሮ» ሰላምታ ነው። ሸክላው የሚጀምረው በ«ሳሮ» ስለሆነ እኔን ሰላም ያለኝ መሰለኝና ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። እማማ ማርታ አልሳቀችም። «ምን አለ?» ስላት ግን በየቀኑ የተለየ ነገር ትነግረኛለች። አንድ ቀን «ካልሲ ሳታደርጊ ሲሚንቶ ላይ አትቁሚ ይላል»። ሌላ ቀን «ሰውን የሚያሳድገው ጎመን ነው ይላል»። አያቴ ጎመን አለመብላቴን ሸክላ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንዳወቀ ግራ ገብቶኝ፣ ጎመኔን ካርቶኑ በማይታይበት ጥግ ተቀምጬ መተው ጀመርኩ። እሱ ግን ያንንም ያውቃል።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ጣቶቿ እርሳሱን መያዝ እምቢ አሏት። ሲወድቅ አንስቼ ሰጠኋት፤ እንደገና ወደቀ። እርሳሱን ወለሉ ላይ አየችው። ከዚያ «እስቲ አንቺ ሞክሪ» አለችኝ።

ስጀምር አያቴ እንደ ጫጩት ተንጫጫ። ሳቄ አመለጠኝ። «ቀስ» አለች። ቀስ ስል ደግሞ አገሣ፤ ያመመው መስሎኝ ደንግጬ አቆምኩ።

«አላመመውም። አዙሪ።»

«በምን ያህል ነው የማዞረው?»

«በምን ያህል ትላለች እንዴ! ዝም ብለሽ ስሚው። ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

አዞርኩ። አልመጣም። የእጄ አንጓ ዛለ፣ ክንዴ ዛለ፣ ትከሻዬ ድረስ ነደደኝ። «እማማ፣ ደከመኝ» ልላት አፌን ስከፍት፣ ጉልበቴ አልቆ እጄ በራሱ ሲዞር፣ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጣ። ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል፣ በየመሐሉ የሚያርፍ ድምፅ ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ እኛ በር ላይ የደረሰ ሰው ይመስላል። እማማ ማርታ ዐይኗን ጨፈነች።

«አሁን መጣ» አለች።

ሥራዬ ይኸው ሆነ። ምሳ እንበላለን፤ ሰማዩን እናያለን፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ካርቶኑን እናወጣለን። እርጥበት ስለሚያለሰልሰው መጀመሪያ ቡታጋዙ አጠገብ አቁመን እናሞቀዋለን፤ ካልሞቀ ድምፁ ይታፈናል። ቤቱን የሚሞላው ሽታ ያኔ ነው የሚነሣው። ከዚያ እኔ ክንዴ እስኪዝል አዞራለሁ፤ እሷ ትጠብቃለች፤ ሲደክመኝ እሱ ይመጣል። አያቴ የደከመው ሰው ስለሆነ የደከመው ሰው ካልሆነ አያናግርም ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ቶሎ እንዲመጣ ብዬ ከምሳ በፊት ውሃ የሞላ ባልዲ በቀኝ እጄ ይዤ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችኝና «እትዬ ማርታ፣ ይህቺ ልጅ ጤና አላት?» አለች።

ድካሙ አሳዘነኝ። አንድ ቀን ጉልበት ይሁነው ብዬ ስኳር የነካ ዳቦ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩለት። ዳቦውን የበላው አይጥ የካርቶኑን ጠርዝም አብሮ ቀመሰው። እማማ ማርታ ስታየው ተቆጣች፤ ዳቦውን ለማን እንዳስቀመጥኩ ስነግራት ግን ቁጣው እንዴት እንደሚቀጥል የጠፋት መሰለኝ። የተበላውን ቦታ በቁስል ፕላስተር ለጠፍነው። ፕላስተሩን ስጫን እንዳያመው ቀስ አልኩ።

አጎቴ ዳንኤል ወሰን ሰፈር ውስጥ የመኪና ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። መደርደሪያው ላይ ሰው ጥሎት የሄደ ዕቃ ተከምሯል። ክሩ ሳህን በሚያህል ጎማ ላይ የሚጠመጠም የድሮ መቅጃ አለ። ግማሽ ዳቦ የሚያክል ወፍራም ካሴት የሚጎርስ የመኪና ቴፕ አለ፤ ካሴቱ ዘፈኑን መሐል ላይ ቆርጦ ቀጭ ብሎ ወደ ሌላ መስመር ይዘላል። ክብሪት የምታክል ካሴት የምትበላ መቅጃም ነበረች፣ ለአሻንጉሊት የተሠራች የመሰለችኝ። እግሩ የተነቀለ፣ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ የእንጨት ሣጥን የያዘ ራዲዮግራምም ከጥግ ቆሟል። «ይሄ ሁሉ የማን ነው?» ስለው «አዲስ ገዝቶ የረሳው ሰው» ይለኛል።

ዳንኤል ረጅም፣ ፈጣን፣ ሲያወራ አንዱ ቃል በሌላው ላይ የሚወጣበት ሰው ነው። እሑድ ከቸርች በኋላ ይመጣል፤ ይቀልዳል፤ ካርቶኑ ሲወጣ ግን ዝም ይላል። አባቱን አላየውም። ፎቶ እንኳ አልቀረለትም። በልጅነቱ እናቱ ስታዞር ሰምቷል፤ ግን እንደ ዋለችበት ውሎ ድምፁ ስለሚቀያየር አባቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ አያውቅም። አንድ እሑድ እኔ ሳዞር ቆሞ ሰማና «ሁልጊዜ ሽማግሌ ነው» አለ። «አባዬ ሲሞት እኮ ከእኔ አይበልጥም ነበር፣ እማ።»

እማማ ማርታ ወደ እኔ ዞራ «አዙሪ» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ የራዲዮግራሙን ሞተር ከነማዞሪያው ነቅሎ፣ ጣውላ ላይ ገጥሞ ይዞ መጣ። ሸክላው መዞር ያለበት ፍጥነት መሐሉ ላይ ተጽፏል፤ ሞተሩን በዚያ ልክ አስተካክሎታል። ድምፅ ማጉያ አያይዞ፣ ቴፕ ውስጥ ባዶ ካሴት ከቶ ለመቅዳት አዘጋጀ። እናቴም መጥታ ነበር። ዳንኤል ሽቦውን አገናኝቶ ጨረሰ። «እማ፣ ዛሬ አባዬን በትክክል ትሰሚዋለሽ» አለ።

መርፌው ወረደ። «ሳሮ» አለ ሸክላው።

ሁላችንም ወደ ዳንኤል ዞርን። ድምፁ የእሱ ነበር፤ ፈጣን፣ ቀጭን፣ አንዱ ቃል በሌላው ላይ የሚወጣ። እኔማ የሚያሞኘን መስሎኝ አፉን ተመለከትኩ፤ አፉ ግን ተዘግቷል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሯን ያዘች። ዳንኤል ሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ፣ «እኔ ነኝ እኮ» አለ፤ «እማ፣ ትሰሚያለሽ? ቁርጥ እኔን እኮ ነው። አባቴ እኔን ነው የሚመስለው!» ያንን የሚያህል ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እማማ ማርታ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ «ማነው ይሄ ልጅ?» አለች።

«አባዬ ነዋ፣ እማ።»

«እንዴት ይፈጥናል።»

«ትክክለኛው ይሄ ነው። ሰዎቹ የቀዱት እንዲህ ነው።»

«እሺ» አለች። የተሰጣ ልብስ ላስገባ ብላ ተነሥታ ወጣች። በዚያ ዝናብ የተሰጣ ልብስ አልነበረም።

ዳንኤል ሲሄድ ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። የካርቶኑ መርፌ ሸክላውን እየፋቀው ነው፤ በየቀኑ ከተጫወተ ምንም አይቀርም አለን። ለእናቱ ካሴቱንና ከሱቁ ምርጥ የሚለውን ቴፕ ተወላት። ክፉ አላሰበም፤ ይህንን ያኔም አውቅ ነበር።

በማግስቱ ምሳ በልተን ሳህን አጠብን። «ቴፑን ልክፈተው?» ስላት «ይቆይ» አለች። በሌላውም ቀን ይቆይ አለች። በኋላ ሳልጠይቃት ከፈትኩት። እንግዳ ሲመጣ እንደምታደርገው ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያንን ፈጣን ልጅ በአክብሮት ሰማችው። ሲያልቅ «ዝጊው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ምን እንደሚደረግበት ሁለታችንም አናውቅም። እሷ አልጋ ላይ ጋደም ትላለች፤ አትተኛም። እኔ ከልማድ ባዶውን ካርቶን ቡታጋዙ አጠገብ አቆምኩት፤ ሞቀ፣ ሸተተ፤ ሸክላ ግን የለም። «መልሺው» አለችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ጎመኔን ሳህን ላይ ትቼ ብነሣ እንኳ «እንዲህ ይላል» የሚለኝ ጠፋ። ያኔ ነው የከፋኝ።

አንድ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ጃንጥላዋን ይዛ፣ «ተነሺ፣ ዳንኤል ጋ እንሄዳለን» አለችኝ። የዚያን ቀን እጇ በጣም አብጦ ነበር። ቁልቁለቱን ትከሻዬን ተደግፋ ወረደች። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ» ሲላት ጠጋ አለች፤ ሌላ ሰው ሲገባ አሁንም ጠጋ አለች። ላምበረት መናኸሪያ ጋ ስንወርድ ወዛደሩና መንገደኛው ተጋፍቶ ገፈተራት። መናኸሪያው አጥር ሥር ሻንጣዋ ላይ ከተቀመጠች መንገደኛ አጠገብ ድንጋይ ላይ አረፈች። ሴትየዋ «እናቴ፣ ሩቅ ነው የሚሄዱት?» ብትላት «እዚሁ ነኝ» አለቻት፤ ከምንም መንገደኛ የበለጠ ደክሟት። ሌላ ታክሲ የምጋፋበት ጉልበት የለኝም ብላ እስከ ወሰን በእግራችን ሄድን።

ዳንኤል የአንድ መኪና ሬዲዮ ከፍቶ ሲበይድ ደረስን። ሲያየን ደንግጦ ተነሣና ወንበሩን ሰጣት።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንን። ሸክላዬን ስጠኝ።»

«ካሴቱ ተበላሸ እንዴ?»

«ካሴቱ ደኅና ነው። ሸክላዬን ስጠኝ።»

ዳንኤል መበየጃውን አስቀመጠ። «እማ፣ ነገርኩሽ እኮ። የካርቶኑ መርፌ መርፌ አይደለም፣ ሚስማር ነው። እኔ አባቴን ገና አሁን ማግኘቴ ነው፤ እንዴት አድርጌ ለሚስማር ልስጠው?»

«አንተ አባትህን አገኘህ» አለችው። «ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። እኔ ደግሞ ባሌን አጣሁ።»

«ያው እሱ እኮ ነው!»

«ያንን ልጅ አውቀዋለሁ። ጥቂት ዓመት አብሬው ኖርኩ፤ ሞተብኝ፤ ቀበርኩት። እኔ የጠፋብኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሰውዬ ነው።»

ዳንኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማ፣ እሱ እኮ የአንቺ እጅ ነው። እጅሽ እየደከመ ሲመጣ ሸክላው ዝግ አለ። ሌላ ምንም አይደለም።»

«የማላውቅ መሰለህ?» ያበጠውን እጇን አነሣችለት። «መጀመሪያ ሳዞረው እንዳንተ ነበር። አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ ትንሽ ረጋ አለ። እጄ በሰው ልብስ ሲያልቅ እሱም ጎረነነ። አብሮኝ አረጀ፣ ዳንኤል። ሌላዋ ሴት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ያረጅላታል፤ እኔ ያገኘሁት ይህንን ነው። አንተ ደግሞ ወጣት አድርገህ አመጣህልኝ። ከዚያ ልጅ ጋር ምን አወራለሁ? ቢያየኝ እኮ አያውቀኝም።»

የተከፈተው ሬዲዮ ያፏጫል። ዳንኤል አጠፋው።

«ያልቃል እኮ፣ እማ» አለ። አሁን የሚለምናት እሱ ነበር። «ከዚያ ለሁላችንም የለም።»

«ይለቅ። እኔስ እያለቅሁ አይደለም?»

ዳንኤል ወደ መደርደሪያው ዞረ። ከዚያ ከላይ ጨርቁን አወረደ፤ ገልጦ ሸክላውን ጠርዙን ይዞ ተመለከተው፤ መልሶ ጠቀለለው። እሷ መያዝ ስለማትችል ለእኔ ሰጠኝ። «እንዳትጥዪው» አለኝ። ለእሷ ደግሞ «እሑድ ቀጭን መርፌ ይዤ እመጣለሁ። ካልቀረ ቀስ ብሎ ይብላው» አላት። እማማ ማርታ በደኅናው እጇ ጉንጩን ዳሰሰችው።

ቤት ስንደርስ ዘነበ። ካርቶኑን አሙቀን፣ እጃችንን አጣጥፈን እስኪያባራ ጠበቅን። ከዚያ አዞርኩ፤ ዛልኩ፤ መጣ። እሷ ዐይኗን ጨፍና ስትሰማ፣ «እማማ፣ እውነቱን ግን ምንድን ነው የሚለው?» አልኳት።

«ከቤት ስለጠፋው ልጅ ነው የሚያስተምረው። አባትየው በር ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል ይላል።»

«ጎመኑስ?»

«ጎመኑም አለበት» አለች።

መስከረም ሲጠባ እናቴ መጥታ ወሰደችኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከባዱን ቦርሳዬን እጅ ሳልቀይር በቀኜ ብቻ መያዜን አይታ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ቀኙ ለምዷል አልኳት።

እማማ ማርታ ካረፈች ብዙ ጊዜ ሆናት፤ ካርቶኑንና ሸክላውን ለእኔ ነው የተወችው። ዳንኤል ያንን ካሴት በየዘመኑ ሲያሻግረው ኖረ፤ ካሴቱ ውስጥ ክሩ ተጣበቀ፤ ከእሱ የቀዳው ሲዲ ተላጠ፤ ከሲዲው ወደ ስልክ ያሳለፈው ከነስልኩ ተሰረቀ። አሁን ሸብቷል፣ ንግግሩም ረግቷል፤ ስልክ ሲደውልልኝ አንዳንዴ ማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ይቆይብኛል።

በዚያች አመሻሽ፣ ከራሱት ካርቶኖች መሐል ተነሥቼ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ያ ካርቶን በላስቲኩ ውስጥ ስለነበር ዝናብ አልነካውም፤ ፕላስተሩ እንኳ እንደተለጠፈ ነው። ቡታጋዙ አጠገብ አቆምኩት። ከልጄ እርሳስ ለመንኩ። ሸክላው ተፍቆ ነጥቷል፤ ዳንኤል እንደፈራው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ይናገራል ብዬ ተስፋ አላደረግሁም። ባለቤቴ ወገቡን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ቀኑን ሙሉ ፍራሽና ድስት ስትሸከም በዋለች እጄ እርሳሱን ያዝኩ። እንደ ልጅነቴ ክንዴ እስኪዝል ለማዞር ተዘጋጅቼ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ዙር መጣ።